“ሳንባው ላይ ያለው ምን እንደሆነ አልታወቀም” ለተባለች ሚስት የሳንባ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ 51 ዓመቱ ነው። የምንኖረው ቢሾፍቱ ነው። ከክረምት በፊት የጀመረው ደረቅ ሳል አልለቀው አለ። አሁን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለዶሮዎቹ መኖ ሰጥቶ ሲመለስ እንኳ ቁጭ ብሎ ማረፍ አለበት። ኪሎውም ቀንሷል። አክታው በጂን ኤክስፐርት ተመርምሮ ቲቢ የለም ተባለ። ሲቲ ስካኑ ላይ ግን በሁለቱም ሳንባ ጭጋግና ጠባሳ መሰል ነገር ታየ። እዚሁ ያየው ሐኪም “ቢሆንም ቲቢ ሊሆን ይችላል” ብሎ መድኃኒት ጀመረለት። ይኸው አምስተኛ ሳምንቱ ነው። አዲስ አበባ ያየው ሌላ ሐኪም ደግሞ “ቲቢ አይመስለኝም፤ የሳንባ ጠባሳ የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ ካንሰርም ገና አልተወገደም” አለ። ይህን የሰማነው እኔና ታላቅ ወንድሙ ብቻ ነን። ወንድሙ “እንዳትነግሪው፣ ይሰበራል” ብሎኛል። ሌሊት ስልኬ ላይ ሳነብ “ከ3 እስከ 5 ዓመት” የሚል አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሲተነፍስ አዳምጣለሁ። የኦክስጅን መለኪያ ገዝቼ በቀን አሥር ጊዜ ስለካው ተቆጣኝ። የ14 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን፤ ለጥንቃቄ ብዬ ብርጭቆውን ለይቻለሁ። በሽታው ካልታወቀ እኔ ምንድን ነው የማደርገው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር አለ። ከእሱ ልጀምር። ዶሮዎቹ።

ስንት ናቸው? ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያረቧቸው? የዶሮ ቤቱ ከመኝታ ቤታችሁ ምን ያህል ይርቃል? ኩሱን የሚጠርጉት ባለቤትዎ ናቸው? ሲጠርጉ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ካዩአቸው ሐኪሞች መካከል ስለ ዶሮዎቹ የሰማ አለ?

ብዙ ሰው “ሥራዎ ምንድን ነው?” ሲባል ደመወዝ የሚከፈለውን ሥራ ይናገራል። ጓሮ ያለውን ሥራ ብሎ አይቆጥረውም። ለሳንባ ሐኪም ግን ጓሮው ከቢሮው ሊበልጥበት ይችላል። የዶሮ ላባና ኩስ ብናኝ፣ የሻገተ መኖ፣ የሻገተ ገለባ አንዳንድ ሰው ላይ የሳንባ ቁጣ ያስነሳል። ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒሞናይተስ እንለዋለን። ዓመታት ሲደጋገም ቁጣው ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ሲቲ ስካን ላይ ጭጋግም ጠባሳም ሆኖ ሊታይ ይችላል። ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የኪሎ መቀነስ ያመጣል። አክታ ምርመራ ላይ ምንም አይገኝም።

ባለቤትዎን የያዛቸው ይህ ነው እያልኩ አይደለም። እሳቸውንም፣ ሲቲውንም አላየሁም። በኔ ጽሑፍ ምክንያት የቲቢ መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ። ነገሩን ያነሳሁት ላሳይዎ የፈለግሁት ስላለ ነው። “በሽታው ካልታወቀ ምን አደርጋለሁ?” ብለው ጠይቀዋል። በሽታው እንዲታወቅ ከሚያደርጉት ሰዎች አንዷ እርስዎ ነዎት። ማሽን የማያየውን፣ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ያውቃሉ።

አሁን ሁለቱ ሐኪሞች ለምን እንደተለያዩ ልንገርዎ። አንዱ አዋቂ፣ ሌላው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሳንባ ሲጎዳ የሚያሳየው ምልክት ጥቂት ነው። ያስላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ፊልሙ ላይ ይነጣል። ፊልሙን ብቻ አይቶ በሽታውን መለየት ከሩቅ ጭስ አይቶ የሚነደው እንጨት ይሁን ኩበት እንደመገመት ነው። ልምድ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ያውቀዋል። አንዳንዴ ግን ቀርቦ ማየት ግድ ይላል።

የቢሾፍቱው ሐኪም በቲቢ መጀመሩ ምክንያት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን ቲቢ በብዛት ከሚገኝባቸው 30 አገሮች ተርታ መድቧታል። ጂን ኤክስፐርት ጥሩ ማሽን ነው፤ ውጤቱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ነገር ግን የሚመረምረው የተሰጠውን ነው። ደረቅ ሳል ያለበት ሰው አክታ አምጣ ሲባል ብዙ ጊዜ ምራቅ ነው የሚተፋው። ምራቅ ውስጥ ባክቴሪያው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ “የለም” መባሉ ቲቢን ሙሉ በሙሉ አያስወጣም። ቲቢ ደግሞ ቢያመልጠን የሚገድል፣ ብናገኘው የሚድን በሽታ ነው። ሌላም ስሌት አለ። ለሳንባ ቁጣ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ያልታከመ ቲቢ ያለበት ሰው ላይ ቢወድቅ ቲቢውን ያባብሰዋል። ለዚህ ነው ብዙ ሐኪም የቲቢውን ጥያቄ አስቀድሞ መዝጋት የሚፈልገው።

እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በግምት የተጀመረ የቲቢ ሕክምና ቀን ይፈልጋል። “ይህን ያህል ሳምንት ወስዶ ካልተሻለው ግምታችን ተሳስቷል ማለት ነው” የሚል ቀን። የቲቢ ሕክምና በአብዛኛው 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪዎቹ 4 ወራት በሁለት። ቲቢ ከሆነ በሁለቱ ወራት ውስጥ ሳሉ መለስ ማለት፣ ኪሎው መጨመር፣ ፊልሙም መሻሻል መጀመር አለበት። አንዳቸውም ካልታዩ፣ 6 ወር እስኪያልቅ ዝም ብሎ መጠበቅ ልክ አይደለም። ባለቤትዎ አምስተኛ ሳምንት ላይ ናቸው። ጥያቄው አሁን ነው የሚነሳው። ኪሎአቸው ስንት ነበር? አሁን ስንት ነው? በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ይመዝኗቸውና ይጻፉት። ይህች አንዲት መስመር ቁጥር “ትንሽ የተሻለው ይመስለኛል” ከሚል አስተያየት ለሐኪሙ ትበልጣለች።

አዲስ አበባ ስትመለሱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የሲቲውን የወረቀት ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይያዙ። ሪፖርት የአንድ ሰው አስተያየት ነው፤ ሲዲው ግን ራሱ ምስሉ ነው። ሌላ ራዲዮሎጂስት (የራጅና የሲቲ ምስል የሚያነብ ሐኪም) እንደ አዲስ ሊያነበው ይችላል። ከዓመታት በፊት ለሥራ፣ ለጉዞ ወይም ለመንጃ ፈቃድ የተነሱት የደረት ራጅ ካለ ሣጥን ፈትሸውም ቢሆን ያግኙት። በእኛ ሙያ አሮጌ ራጅ ወርቅ ነው። ያኔም የነበረ ጠባሳ ከሆነና ካልተለወጠ ወሬው ሁሉ ይቀየራል። የሚወስዱትንና በፊት የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከነካርቶኑ ይውሰዱ። እንደ አሚዮዳሮን ያሉ አንዳንድ የልብ መድኃኒቶች፣ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ የመገጣጠሚያ መድኃኒቶች ራሳቸው ሳንባ ይጎዳሉ። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ የሌሎች መድኃኒቶችን ኃይል ይቀንሳል፤ ፕሬድኒሶሎንም አንዱ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች አንዱ ሌላው ያዘዘውን ሳያውቅ የሚያዝ ከሆነ አደጋ አለው። የኤችአይቪ ምርመራ ካልተደረገም ይደረግ። ማንንም ለመጠርጠር አይደለም። ውጤቱ እኛ የምናስበውን የበሽታ ዝርዝር ስለሚለውጥ ነው።

ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ “ምንድን ነው የያዘው?” ብሎ መጠየቅ ያለ ነው። ግን ይህን ጥያቄ ሐኪሙ ገና ሊመልሰው አይችልም፤ “እናየዋለን” ይላችኋል፤ ትወጣላችሁ። እንዲህ ቢጠይቁ ይሻላል። “አሁን የሚጠረጥሯቸው በሽታዎች የትኞቹ ናቸው? እነዚህን የሚለየው ምርመራ የቱ ነው? እሱ እስኪደረግ ብንጠብቅ የምናጣው ነገር አለ?” ለነዚህ መልስ አለው። ካንሰር “ገና አልተወገደም” ማለት “አለ” ማለት እንዳልሆነም በዚያው ያስረዳዎታል። ሐኪም ያላረጋገጠውን ነገር ከዝርዝሩ አይሰርዝም።

ምናልባት ብሮንኮስኮፒ ይታዘዛል። ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ወይም በአፍ ገብቶ ሳንባው ይታያል፣ ይታጠባል፣ እጣቢው ይመረመራል። እዚያ እጣቢ ውስጥ ቲቢም ይፈለጋል፤ የትኛው ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ እንደበዛም ይታያል። የዶሮው ጉዳይ ከሆነ ፍንጭ የሚሰጠው ይህ ነው። ከሳንባ በቀዶ ሕክምና ናሙና መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። ትንፋሹ የደከመ ሰው ላይ አደጋ አለው። ሐኪሙ “ናሙና አልወስድም” ቢል ተስፋ ቆርጧል ብለው አይተርጉሙት። አንዳንዴ ይህ የጥንቃቄ ውሳኔ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የሳንባ ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስትና ናሙና የሚመረምረው ፓቶሎጂስት አንድ ላይ ተቀምጠው ከተነጋገሩም በኋላ፣ ጠባሳ ካለባቸው ከአሥር ሕመምተኞች የአንዱ ያህል በሽታ ስም ሳይሰጠው ይቀራል። እነሱም ይታከማሉ። ሕክምናው የሚመራው በሽታው በሚያሳየው ጠባይ ነው፤ እየባሰ ነው ወይስ ባለበት ቆሟል በሚለው።

ስለዚያ “ከ3 እስከ 5 ዓመት” ስለሚለው። ሌሊት ያነበቡት ስለ አንድ በሽታ የተጻፈ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ የሳንባ ጠባሳ፣ አይፒኤፍ የሚባለው። በብዛት የሚይዘው 60 ዓመት ያለፋቸውን ነው። ቁጥሩም የመሐል ቁጥር ነው፤ ግማሹ ሕመምተኛ ከዚያ በላይ ይኖራል። የጠባሳውን ፍጥነት የሚቀንሱት ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚጠቀሰው ቁጥር በአብዛኛው ከዚያ በፊት ከተሰበሰበ መረጃ የመጣ ነው። የዶሮው ቁጣ ከሆነ፣ ሳርኮይዶሲስ የሚባለው ሌላ ዓይነት የሳንባ ቁጣ ከሆነ፣ ቲቢ ከሆነ ይህ ቁጥር እሳቸውን አይመለከትም። ያልተሰጠዎትን በሽታ ዕድሜ አይቁጠሩ።

ወደ ከባዱ ልሂድ። “እንዳትነግሪው።”

ወንድማቸው ክፉ ሰው አይደሉም። እኛ አገር ይህ የፍቅር ሥርዓት ነው። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጎተት አድርጎ “ለሱ ቀለል አድርገው ይንገሩት” ያላለ ቤተሰብ ጥቂት ነው። መርዶ እንኳ ለሊት ተጠብቆ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከወንድማቸው ጋር አልስማማም። ምክንያቴን ልንገርዎ።

መጀመሪያ፣ ባለቤትዎ ያውቃሉ። ሁለት ሐኪም ጋ ሄደዋል፣ ሲቲ ተነስተዋል፣ እርስዎና ወንድማቸው ለብቻችሁ ስታወሩም ሳያዩ አይቀሩም። በቀን አሥር ጊዜ ጣታቸው ላይ ማሽን ይደረጋል። የተቆጡት በማሽኑ ይመስልዎታል? እኔ እንደሚመስለኝ የተቆጡት ሁሉም የሚያውቀው እሳቸው ብቻ የማያውቁት ነገር ስላለ ነው። ሁለተኛ፣ ለምርመራው የሚያስፈልገው መረጃ ያለው እሳቸው ጋ ነው። ወጣት ሳሉ ድንጋይ ፈልጠው ያውቃሉ? ወፍጮ ቤት ሠርተዋል? ሳሉ የሚብሰው ዶሮ ቤት ገብተው ከወጡ በኋላ ነው? ከቤት ርቀው ሲሰነብቱ ይሻላቸዋል? የሚደበቅለት ሰው ይህን አያወራም። ሦስተኛው ደግሞ እርስዎ ነዎት። ምስጢር ይዞ ማስታመም ሰው ይጨርሳል።

መንገር ማለት ደግሞ “ካንሰር ሊሆን ይችላል” ብሎ ፊት ላይ መወርወር አይደለም። ሕመምተኛው የሚፈልገውን ያህል ነው የሚነገረው። እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ፦ “ዶክተሮቹ ገና አላወቁትም። ሁለት ሦስት ነገር ይጠረጥራሉ። የነገሩንን ልንገርህ ወይስ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረን ገብተን ራስህ ትጠይቃለህ?” ከዚያ ዝም ይበሉ። “አንቺው ስሚልኝ፣ እኔ መስማት አልፈልግም” ካሉ መብታቸው ነው፤ ያክብሩላቸው። ያኔ መደበቁ የእርስዎ ውሳኔ መሆኑ ይቀርና የእሳቸው ምርጫ ይሆናል። ለወንድማቸው ደግሞ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ “ጋሼ፣ እኔ መዋሸት አልቻልኩም፤ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ” በቂ ነው።

የኦክስጅን መለኪያውን በተመለከተ፣ አይጣሉት፣ ግን ያሳርፉት። በቀን ሁለቴ ይበቃል። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ፣ እጃቸው ሳይቀዘቅዝ። የቀዘቀዘ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ቁጥርም መጽሐፍ ላይ ካለው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። አንዴ ታይቶ የሚመለስ ቁጥር አያስደንግጥዎ። ከዚህ ይልቅ ጊቢ ውስጥ በራሳቸው ፍጥነት ጥቂት ደቂቃ ተራምደው ቁጥሩ ስንት ላይ እንደወረደ አንድ ቀን ይጻፉና ለሐኪሙ ይስጡት። ሌሊት አይለኩ። የሚለኩት እሳቸው ራሳቸው ቢሆኑ ደግሞ ጠቡም ይቀራል።

ለነገ የማይባሉትን ልንገርዎ። አረፍ ብለው ሳለ ቁጥሩ ደጋግሞ ከ88 በታች ካሳየ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰው መናገር ካቃታቸው፣ ደም ያለበት አክታ ከወጣ፣ ድንገተኛ የደረት ውጋት ከመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነና ማስመለስ ከበዛባቸው፣ ወይም እይታቸው ከደበዘዘ፣ መድኃኒቱ ጉበትን ወይም ዓይንን እየነካ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። ሽንታቸው ብርቱካናማ ቢሆን ግን የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፤ አይጨነቁ።

ቤት ውስጥ ምርመራ ሳይጠብቁ የሚደረግ ነገር አለ። የዶሮውን ሥራ ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዘው። ባለቤትዎ ዶሮ ቤት አይግቡ፤ የላባ ትራስም ካለ ይነሳ። የሚጠርገው ሰው ጭንብል ያድርግ፣ ልብሱን ውጭ ይቀይር። ዶሮዎቹን ዛሬውኑ ሸጣችሁ ጨርሱ አልልም፤ የቤቱ ገቢ ሊሆን ይችላል። እሳቸው ራቅ ብለው ጥቂት ሳምንት ሲቆዩ የሆነውን ለውጥ ይጻፉ። ሐኪሙ ደስ ይለዋል። ብናኙ ግን ዶሮዎቹ ከሄዱም በኋላ ቤት ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል “ራቀ፣ አልተሻለውም” ብሎ ቶሎ መደምደም ልክ አይሆንም።

ጭስም አለ። ከሰልና ዕጣን። ቡና ይፈላ፣ የቡናው ወግ አይቅር፤ ግን በረንዳ ላይ ይሁን፣ ዕጣኑም ይቅር። እንጀራ የሚጋገረው በእንጨት ከሆነ በዚያ ሰዓት እሳቸው ሌላ ቦታ ይሁኑ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ወደፊት ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፣ በአፍንጫ ስበው በተጠበበ ከንፈር ቀስ እያሉ ያውጡ። ፊት ላይ የሚነፍስ ትንሽ ማራገቢያም ያቀላል።

ስለ ጸበልም አልጠየቁኝም፤ ግን ሳይነሳ አይቀርም። ይሂዱ። መድኃኒቱን ግን ይዘው ይሂዱ። ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። የምፈራው ማንነቱ ያልታወቀ ሥር ተቀጥቅጦ መጠጣቱን ነው። የቲቢ መድኃኒት ጉበት ላይ ሸክም ነው፤ ሌላ ሸክም አይጨመርበት። ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚገዛ፣ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ አንቲባዮቲክም ሆነ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ይቅር። ለጊዜው ደህና ያስመስላሉ። ምርመራውን ግን ያደናግሩታል።

“ምን ተባለ?” እያለ የሚደውል ዘመድ ደግሞ አለ። ለእያንዳንዱ ማስረዳት ሌላ በሽታ ነው። የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በሳምንት አንዴ ሁለት መስመር የሚጽፍ ሰው ይምረጡ። የወንድማቸው ጭንቀት ሥራ ቢያገኝ ይቀላል፤ ይህን ለሳቸው ይስጧቸው። “ባንኮክ ውሰዱት፣ ሕንድ ውሰዱት” የሚል ይመጣል። ሲዲው በሌላ ራዲዮሎጂስት ሳይነበብና የዶሮው ታሪክ ሐኪም ጆሮ ሳይገባ መኪና አይሽጡ።

የእርስዎ እንቅልፍም የሕክምናው አካል ነው። ስልኩን ሌላ ክፍል ያሳድሩት። በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው እሳቸው ጋ ይደር፤ እህትዎም ብትሆን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልተኙ፣ ምግብ ካልበሉ ወይም መኖር ካስጠላዎት ለራስዎ ሐኪም ያናግሩ። ይህን ለብዙ አስታማሚ እላለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው።

ልጆቹና ብርጭቆው ቀሩ። ቲቢ በብርጭቆ፣ በሳህን፣ በጉርሻ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በአየር ነው፤ ሲያስሉ፣ ሲያወሩ፣ በተዘጋ ክፍል። ስለዚህ ብርጭቆውን ይመልሱት፣ መስኮቱን ይክፈቱት። ቲቢም ቢሆን፣ መድኃኒቱ የሚሠራለት ሰው ጥቂት ሳምንት በትክክል ከወሰደ በኋላ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል። ቢሆንም ቲቢ ከዝርዝሩ ስላልወጣ እርስዎና ሁለቱ ልጆች መመርመር አለባችሁ፤ በተለይ የ4 ዓመቷ ወይም የ4 ዓመቱ ልጅ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቶሎ ስለሚጠቁ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል፤ ሕመም ባይገኝባቸውም መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ይችላል። የባለቤትዎን የሕክምና ካርድ ይዘው በዚህ ሳምንት አቅራቢያዎ ያለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ይሂዱ። የቲቢ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።